30 ልሞላ ነው፤ ከዝርዝሬ አንዱም አልተሳካም

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። በ2011 በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ባንክ ገባሁ። አሁን ሲኒየር ኦፊሰር ነኝ። የተመረቅኩ ሰሞን ደብተሬ ላይ "30 ሳይሞላኝ" ብዬ ሦስት ነገር ጽፌ ነበር። 1 ሚሊዮን ብር ማጠራቀም። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ መሆን። 5 አገር ማየት፤ ዱባይ፣ ቱርክ፣ ፈረንሳይ፣ ታይላንድና ዛንዚባር። ዛንዚባርን የጻፍኩት ባሕር አይቼ ስለማላውቅ ነው።

ጥር ላይ 30 ይሞላኛል። ያለኝ 140,000 ብር ነው። ሥራ አስኪያጅ አልሆንኩም። ፓስፖርት እንኳ የለኝም። ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 26,000 ነው። ከዚያ 7,000 ለቤት ኪራይ፣ 4,000 ለእናቴ፣ 3,000 ኮምቦልቻ የመጨረሻ ዓመት ለሚማረው ወንድሜ፣ 5,000 ለዕቁብ፣ 6,000 ለምግብና ለትራንስፖርት ይወጣል። ባለፈው ሚያዝያ ዕቁቡ 120,000 ደርሶኝ ነበር። እሱም የእናቴን ቤት ቆርቆሮ በማስቀየርና ለወንድሜ ላፕቶፕ በመግዛት አለቀ። ክፍያው እስከ መጪው ሰኔ አለብኝ። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሸሽተን ያጠራቀምኳትን በላናት። ዓመት ፈቃድ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ወጥቼስ የት እሄዳለሁ?

የአክስቴ ልጅ ከ8ኛ ክፍል አቋርጣ ጅዳ ሄዳ ነበር። አሁን ሸዋ በር ላይ ጂ ፕላስ ዋን ሠርታለች። ባለፈው ስትመጣ "አንቺስ ታድለሽ፣ እናትሽን በየሳምንቱ ታያለሽ" አለችኝ። አብረውኝ ከተመረቁት አንዱ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል፤ አንዷ ቡርጅ ኸሊፋ ፊት የተነሳችውን ትለጥፋለች። ወላሂ ቲክቶክ ስከፍት ያመኛል። ሥራዬ ላይ ደስ የሚለኝ የነጋዴ የብድር ፋይል ማገላበጥ ነው፤ እሱም የሚቆጠር ነገር አይደለም። በማርያም እውነቱን ይንገሩኝ፣ ወድቄያለሁ ወይ?

የሐይቋ ልጅ፣ ከደሴ

መልስ፦

እህት ዓለም፣

በአንድ ደብዳቤ ወላሂም በማርያምም ብለሻል። ሙስሊም ትሁኚ ክርስቲያን ሊገባኝ አልቻለም። የወሎ ሰው መሆንሽ ግን ወዲያው ገባኝ። ዱባይና ዛንዚባር ለብቻቸው አገር አይደሉም ብዬም አላሳቅቅሽም። ትኬት ሻጩም ለዚህ ግድ የለው።

አልወደቅሽም። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብዬ እንዳይመስልሽ። ሒሳብሽን ቁጭ ብዬ ሠርቼው ነው። የባንክ ሰው ስለሆንሽ በቁጥር ብንነጋገር ይሻለናል።

ከ26,000 ላይ 25,000 ይወጣል። 1,000 ብር ይተርፍሻል። በዚህ አካሄድ ከ140,000 ተነስተሽ 1 ሚሊዮን ለመድረስ ከ71 ዓመት በላይ ይፈጅብሻል። የዕቁቡን 5,000 ጨምረሽ አንዲት ሳንቲም ሳትነኪ ብታስቀምጪ እንኳ 12 ዓመት ገደማ ነው። ይህችን ሒሳብ ለማንም ደንበኛ ቆመሽ ትሠሪለታለሽ። ለራስሽ ግን እስከ ዛሬ አልሠራሽላትም። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከደመወዝሽ ጋር አንድም ቀን ተያይቶ አያውቅም። ሚሊዮን የሚባለው ነገር ለጆሮ ስለሚጥም ነው የተጻፈው። በ23 ዓመት ማን እንዲህ ያላደረገ አለ?

ሌላም ነገር አለ። አንቺ በተመረቅሽበት በ2011 አንድ ዶላር በባንክ ከ28 እስከ 29 ብር ነበር። ያኔ 1 ሚሊዮን ብር ወደ 35,000 ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ዛሬ ያንኑ ያህል ዶላር ለመያዝ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ ያስፈልጋል። እኔ ደሴ ላይ ኪራይ የምከፍለው በብር ነው ትዪኛለሽ። እውነትሽን ነው። ግን የጤፉን፣ የዘይቱንና የኪራዩን ነገር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ ሚሊዮኗን እጅሽ ላይ ቢያስቀምጥልሽ እንኳ በ2011 ያሰብሻት ሚሊዮን አይደለችም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሚሊዮኑ ለምን ነበር? ለቤት ነው? ለሱቅ ነው? ወይስ ሌሊት ሳይጨንቅሽ ለመተኛት? ደብዳቤሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የትም ቦታ ላይ አልተጻፈም።

ሳይጨንቅሽ ለመተኛት ከሆነ መልሱ በእጅሽ ነው። ዕቁቡን ትተን በወር የምታወጪው 20,000 ብር ነው። 140,000 ማለት ነገ ሥራሽ ቢቆም ኪራይሽን ከፍለሽ፣ ለእናትሽና ለወንድምሽ ልከሽ፣ በልተሽ ጠጥተሽ 7 ወር ያኖርሻል። አብረውሽ ከተመረቁት ውስጥ ይህን ያህል ያለው ስንቱ ነው? ያ ቡርጅ ኸሊፋ ፊት የሚነሳው ሁሉ የ7 ወር ወጪ አለው ብዬ አላምንም። ክፉ አትበዪኝና፣ ስንቱ በብድር ይሆን የሄደው።

የ2014ቱን ነገር ደግሞ እንደ ውርደት አድርገሽ ነው የጻፍሽው። "ያጠራቀምኳትን በላናት" ብለሻል። ያ ጊዜ እንዴት እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኛም እናውቃለን። ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ሰው በጭነት መኪናም በእግሩም ወጣ። ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ዘመድ ቤት በአንድ ክፍል ስንት ሰው ተኛ። ኪሱ ባዶ የነበረው ምን እንደደረሰበት ሰምተሻል። አንቺ ግን ቤተሰብሽን ይዘሽ ወጥተሽ፣ አብልተሽ፣ መልሰሽ አምጥተሻል። ያ ገንዘብ የተጠራቀመለትን ሥራ ሠርቷል። ከዚያ በፊት በ2012 ኮሮና ነበረ። ደብተርሽ ላይ እነዚህ ሁለቱ አልተጻፉም፤ ማንም ሰው ደብተር ላይ አልነበሩም። ከዜሮ ጀምረሽ እንደገና 140,000 መድረስሽን እኔ እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስቆመኝ እሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያ ዝናብ በዛገ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምን እንደሆነ ላደገበት ሰው አይነገርም። ሳፋ እዚህ፣ ባልዲ እዚያ። ፍራሹን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መጎተት። ሌሊት ሳፋው ሲሞላ ተነስቶ መድፋት። ጠዋት የረጠበ ብርድ ልብስ፣ ቀኑን ሙሉ የማይደርቅ። እናትሽ ዘንድሮ ክረምት ሳፋ አላስቀመጡም። ወንድምሽም የመመረቂያ ሥራውን የሚጽፈው ጓደኛው እስኪጨርስ ኮምፒውተር እየጠበቀ አይደለም። አንቺ ይህን ሁሉ በአንድ ግስ ዘጋሽው፤ "አለቀ" አልሽ።

ችግሩ ይሄ ነው፣ እህቴ። ዝርዝርሽ ላይ ያሉት ሦስቱም ሰው ከውጭ የሚያያቸው ናቸው። የባንክ ደብተር፣ ወንበር፣ ፓስፖርት ላይ የሚመታ ማህተም። ያደረግሻቸው ነገሮች ደግሞ ከእናንተ ቤት ሰው በስተቀር ማንም አያያቸውም። በዚያ ዝርዝር ላይ ቦታ ስለሌላቸው ባዶ እጅሽን የቀረሽ መሰለሽ።

ይህን ስል ግን በድህነት ኩሪ ማለቴ እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ቤት አላቸው። ገንዘብ ያስፈልጋል። ቤት ከሆነ ፍላጎትሽ መንገዱ ሌላ ነው እንጂ ሚሊዮን እስኪሞላ መጠበቅ አይደለም። የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ቢሰጥሽ የኑሮ ውድነቱ ቀድሞት ይሄዳል። ወለድ የማትነኪ ከሆነ ወለድ አልባውም ቢሆን ከዚህ አያድንሽም። ስለዚህ ብሩን ወደ ሌላ ነገር መቀየር ነው ያለብሽ። ባንክሽ ለሠራተኛ የቤት ብድር ካለው መመሪያውን አምጥተሽ አንብቢው። ስንት ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል? ወለዱ ስንት ነው? ብትለቂስ ምን ይሆናል? የደንበኛ ብድር በቃልሽ የምታውቂ ልጅ የራስሽን መብት ሳታነቢ እንዳትቀሪ። ተደራጅተው በዝግ ሒሳብ እየቆጠቡ ቦታ የሚጠብቁ የቤት ማኅበራትም አሉ። ከመግባትሽ በፊት ግን ሕጋዊ ሰነዱን በራስሽ ዓይን እዪ። የማኅበር ነገር የሚያምረውም የሚያስለቅሰውም ወረቀቱ ላይ ነው።

ስለ አክስትሽ ልጅ ብዙ አልልም። አንድ መስመር ጽፈሽ አልፈሻታል፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ቆየሁ። ጂ ፕላስ ዋን የሠራችው ልጅ መጥታ በአንቺ ቀናች። ቤቱን አይተሽዋል፤ ጅዳ እንዴት እንደኖረች ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? በሰው ቤት ስንት ሰዓት ተነስታ ስንት ሰዓት ትተኛ ነበር? ስንት ዓመት እናቷን በኢሞ ብቻ አየች? ቤቱን የሠራችው በላቧ ነው፤ ክብር ይገባታል። ሁለታችሁም አንዳችሁ የሌላችሁን እየተመኛችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተለያያችሁ። በሚቀጥለው ስትመጣ ጠይቂያትና ታውራልሽ። ለእሷም ደስ ይላት ይሆናል።

ወደ ሥራው እንሂድ። ሥራ አስኪያጅነቱን ትፈልጊዋለሽ? ወይስ ጓደኛሽ ስላገኘው ነው? ሥራውን ከጎኑ ሆነሽ ስለምታዪው እኔ አልነግርሽም፤ ግን ጻፊው። ጠዋት ገና ሳይገባ ከዲስትሪክት ስልክ ይደወላል። ተቀማጩ ስንት ደረሰ? ታርጌቱ ስንት ቀረው? ከዚያ ፒያሳንና አራዳን በየሱቁ መዞር፣ ነጋዴውን "እባክህ እኛ ጋ አስገባ" እያሉ መለመን። ሌላው ባንክ ደግሞ ያንኑ ነጋዴ ከኋላ ይጠብቃል። ሰኔ ላይ የሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ እንቅልፍ የለም። ካዝናው ቢጎድል የሚጠራው እሱ ነው፣ ሠራተኛ ቢጣላ የሚዳኘው እሱ ነው። ይህን የሚወድ ሰው አለ፤ ተፈጥሮው ነው። ሰው ማግባባት ደስ የሚለው፣ ግርግር የማይደክመው። አንቺ ግን ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልጻፍሽም።

የጻፍሽው ስለ ፋይል ነው። "የነጋዴ የብድር ፋይል ማገላበጥ ደስ ይለኛል፤ እሱም የሚቆጠር ነገር አይደለም" አልሽ። ማነው የማይቆጠር ያለሽ? አንድ ነጋዴ ሒሳቡ ላይ የሚያሳየውና ሱቁ የሚናገረው ሲለያይ ማየት፣ ግብሩን ከሽያጩ፣ ሽያጩን ከባንክ እንቅስቃሴው ማመሳከር፣ መያዣው እውነት ያን ያህል ያወጣ እንደሆነ መጠርጠር፣ ይህ ሙያ ነው። ባንክ የሚከስረው በዚህ ሥራ ድክመት ነው፤ የሚያተርፈውም በዚሁ ነው። የብድር ትንተና የራሱ መሰላል አለው። የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ከሥራ አስኪያጅነቱ ይልቅ የብድር ተንታኙን ፈልጊ። ደረጃው እኩል ቢሆን እንኳ እዚያ ቶሎ ታድጊያለሽ ብዬ እገምታለሁ። የምትወጂው ሥራ ላይ ሰው ያይሻል። ካልሆነም ቢያንስ ሰኞ ጠዋት አልጋ ላይ አትገላበጪም።

ጉዞው ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ገንዘብ ስላጣሁ አልተጓዝኩም ትያለሽ፤ ፈቃድሽን ግን አልወጣሽም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። ከዚያ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አንቺ አሁን ወደ 18 ቀን ገደማ አለሽ። ፈቃድ ከ2 ዓመት በላይ እንዲተላለፍ አይፈቀድም። ሥራ ላይ እያለሽ በገንዘብ ልለውጠው ማለትም አይቻልም። ዛሬ ሄደሽ ያለሽን ቀን የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ።

ከአምስቱ አገር ምክንያት የጻፍሽው ለአንዱ ብቻ ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም አልሽ። ፈረንሳይና ታይላንድ የተጻፉት ቁጥሩን ለመሙላት ይመስለኛል፤ ከተሳሳትኩ ጻፊልኝ። የሐይቅ ልጅ ከነሙሉ ሐይቁ ውኃ ናፈቀኝ ስትል ደስ አለኝ። እንግዲያው ባሕሩን እንያዝ። ለዚህ ዛንዚባር ድረስ መሄድ ላያስፈልግሽ ይችላል። ኬንያ ከኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ከናይሮቢ ሞምባሳ በአውሮፓውያኑ 2017 ሥራ የጀመረ ባቡር አለ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርሳል። ሞምባሳ ደግሞ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ናት። በሞያሌ በአውቶብስ የሚሄዱም አሉ፤ ለመጀመሪያ ጉዞ ግን፣ ያውም ብቻዋን ለምትሄድ ሴት፣ እኔ አውሮፕላኑን እመርጣለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ፓስፖርቱ አለ። መደበኛው 5,000 ብር ነው። ከ7 ወሩ ላይ አንዷን ወር፣ 20,000ዋን፣ ለዚህ ጀምሪባት። 6 ወር ቀረልሽ ማለት ነው፤ አይከፋም።

እስከዚያው አንድ ሰኞ ፈቃድ ውጪና ባቲ ገበያ ውረጂ። ሰኞ ሁልጊዜ ባንክ ስለሆንሽ አላየሽው ይሆናል። ከኮምቦልቻ ቁልቁል ስትወርጂ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ገበያው ውስጥ አፋሩ ግመሉን ይዞ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ሁሉ አለ። ይህን የምልሽ በቱርክ ፋንታ እንዲሆንሽ አይደለም። ቱርክን ከፈለግሽ ቱርክ ሂጂ። ግን ከቤት የመውጣት ልማድ የሌለው ሰው ቪዛ ቢመታለትም ሰበብ አያጣም። ከደሴ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመሽ ሹፌሮቹን ጠይቂ።

ቲክቶኩን ዝጊው አልልሽም፤ አትዘጊውም።

የቀረ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይህን ሳታመነቺ ዛሬውኑ ወስኚ። ወንድምሽ ዘንድሮ ይመረቃል። የዕቁብ ክፍያሽም ሰኔ ላይ ያበቃል። ከሐምሌ ጀምሮ 3,000ውና 5,000ው ይፈታል፤ ከምትተርፍሽ 1,000 ጋር በወር 9,000 ብር ይሆንልሻል። እስከ ዛሬ አይተሽው የማታውቂው ገንዘብ ነው። ወንድምሽ ሥራ እስኪያገኝ ጥቂት ወር ልታግዢው ትችያለሽ፤ ስንት ወር እንደሆነ ግን ከአሁኑ ለሁለታችሁም ንገሪው። የቀረውን ለቤቱ ይሁን ለሞምባሳ ስሙን ሰጥተሽ ለየብቻ ሒሳብ ክፈቺለት። ለእናትሽ የምትልኪው 4,000 ይቀጥል። ሌላ ማንም ዘመድ ይህ ገንዘብ መፈታቱን ባይሰማ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ሐምሌ ሳይብት የአጎት ልጅ ሠርግ ይወስደዋል።